ሁለት ማስመሪያ

ወልድያ፣ አጥንት ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የረጠበ ጀሶ ይሸታል። «ክርንሽ ተጣብቋል። ይህን ያህል ጊዜ ታስሮ እንዲቆይ ማን ፈቀደ?» ይለኛል ሐኪሙ። እኔን ግን የሸተተኝ ቅቤ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። መርሳ፣ ጓሯችን ካለው ማንጎ ላይ ወድቄ ክርኔ አጠገብ ተሰበርሁ። የወልድያ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እናቴ ወጌሻውን ሸህ ይማምን ጠራች። ሽማግሌው እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ክንዴን ያዙና፣ «አብሽሪ ልጄ፤ እስቲ የክፍልሽን ልጆች ስም ጥሪልኝ» አሉኝ። አራተኛው ስም ላይ አጥንቴ ቋ ብሎ ቦታው ገባ። ቀርከሃ ስላልነበረ ከደብተር ቦርሳዬ ሁለት የእንጨት ማስመሪያ አውጥተው አሰሩበት።

«ትምህርት ቤቱ እንደሁ ተዘግቷል፤ ሥራ አይፍቱ!» ብለው ሳቁ።

በእኛ ዘንድ የተሰበረን የሚፈታው ያሰረው ወጌሻ ራሱ ነው። «በሦስተኛው ጁምዓ መጥቼ እፈታዋለሁ ኢንሻአላህ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው» ብለው እናቴን አስጠነቀቋት። ከዚያ ግራና ከተማ የተሰበረ ሰው አለ ተብለው በእግራቸው ሄዱ።

ሦስተኛው ጁምዓ አለፈ፤ ስድስተኛውም አለፈ። እናቴ መቀሱን አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ፈትቼው ቢመጡስ? ‹እንደሞትሁ ቆጠርሽኝ ወይ?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» ትላለች።

በመጨረሻ ጨርቁ ራሱ አልቆ ተበጠሰ። ማስመሪያዎቹን ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አኖረቻቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

«እስቲ ዘርጊው» ይላል ሐኪሙ። እስከሚሄድልኝ ዘረጋሁለት። የቀረውን ያሰሩት ይፍቱት።