«ሻይ» አይደለሁም አልኩት

ዛሬ ደባርቅ ላይ የአስጎብኚነት ፈተናውን አለፍኩ!

በእንግሊዝኛ የጠየቀኝን ሁሉ በአጭር በአጭሩ ስመልስለት፣ ፈታኙ «ዩ አር ሻይ። አስጎብኚ ተናጋሪ መሆን አለበት» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እኛ ዳባት ሻይ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ለነገሩ።

እኔ ግን ቀና ብዬ በእንግሊዝኛ መለስኩለት፦ «ሻይ የሚባለው መናገር እየፈለገ የሚፈራ ሰው ነው። እኔ አልፈራም፤ ሪዘርቭድ ነኝ፤ የምናገረው ሲያስፈልግ ነው። ዋልያ ፊት የሚለፈልፍ አስጎብኚ ለእንግዳው የሚያሳየው ዋልያው ሲሸሽ ያስነሳውን አቧራ ብቻ ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ፈታኝ ሳቀች። «እሷን እኔ አሳልፌያታለሁ፤ አንተስ?» አለችው። እሱም እየሳቀ እጁን ዘረጋልኝ።

ለእናቴ ደወልኩላት። «ይሄን ሁሉ አንቺ ተናገርሽ?» ብላ በስልኩ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዝምተኞች፣ ፈሪ ያላችሁን ሰው ምን ብላችሁ መለሳችሁለት? ዛሬ እንኳ ጻፉልኝ!