ልጄን የወሰደብኝ የኳስ የኔታ

ከባሕር ዳር በወጣንበት ማታ እናቴ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆማ የምታየው እኔን ሳይሆን ልጄን ነበር። ናቲ ያን ጊዜ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «ይህን ልጅ ከዓይንሽ እንዳታርቂው» አለችኝ። ለምን እንዳለች አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ቅኔ ሊማር ሄዶ፣ የኔታው ደብር በቀየሩ ቁጥር እየተከተለ ከማክሰኝት ወዲያ ቀረ። ከስንት ዓመት በኋላ ሲመጣ እናቴን እንደ እንግዳ «እንደምን ሰነበቱ?» አላት።

እሺ ብዬ፣ ባሌ የተቀበረበትን አገር ትቼ፣ እህቴ በላከችው ወረቀት ካናዳ ገባሁ። እኛ የጣናን የጠዋት ንፋስ ብርድ ስንል የነበርን ሰዎች ነን፤ እዚህ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ መኪና ይነዳበታል። እሱንስ ለመድሁት። ያልለመድሁት ኮቹን ነው።

ናቲ አድጎ ኳስ ተጫዋች ሆነ፣ ደመወዝተኛ። እናንተ የምታውቁት ኳስ አይደለም። ኳሷ ፓፓያ ትመስላለች፣ በእጅ ትያዛለች፣ የያዛትን ሰው ገፍትረው መሬት ይጥሉታል። ልጄ ከሚጥሉት ወገን ነው፤ ዲፌንስ ይሉታል። ሲጋጭ ባየሁ ቁጥር ነጠላዬን እነክሳለሁ።

ዲፌንሱን የሚያስተምሩት ኮች ሽማግሌ ናቸው። ብጠላቸውም አንቱታውን አልነፍጋቸውም። ሠላሳ ዓመት ከከተማ ከተማ ዞረዋል፤ አንዱ ቡድን ሲያባርራቸው ሌላው እየቀጠራቸው። ኮፍያ አድርግ እያልሁ ስንት ክረምት ለመንሁት፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ቢሉት አደረገ። ጡንቻ ያስፈልግሃል ብለው በሁዳዴ እንቁላል አስበሉብኝ። እጃቸውን ራሱ ላይ ሲጭኑ መስቀል እንደሚሳለም ሰው ዝቅ ይላል። እኔ ሳቅፈው «እማ፣ ትከሻዬን» ይለኛል።

ባለፈው ኅዳር ቡድኑ ተሸነፈና ኮቹን አሰናበታቸው። አልዋሻችሁም፣ ሻማ አበራሁ። ሳምንት ሳይሞላ ናቲ መጣና «እማ፣ ኮች ሌላ ከተማ ሥራ አገኙ። የኔም ኮንትራት አልቋል፤ ልከተላቸው ነው» አለኝ። ወንድሜ ፊቴ ድቅን አለብኝ።

በእኛ አገር ተማሪ የሚለየው የኔታው ሲያሰናብቱት ነው። ስለዚህ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ናቲን አስተርጓሚ አድርጌ ቤታቸው ሄድሁ። ዕቃቸው ሁሉ ለመሄድ ካርቶን ውስጥ ገብቷል።

«ልጄን ያሰናብቱልኝ በላቸው። እናቴ አንድ ልጅ ለየኔታ ሰጥታለች፣ ይበቃናል በላቸው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው በላቸው።»

ናቲ ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ።

«የቀረውስ?»

«እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ እማ።»

«ሳታሳጥር በል!»

አቀርቅሮ ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው ዳቦውን ተቀብለው ታቀፉት። ከዚያ ሲናገሩ ናቲ መሬት መሬቱን እያየ ተረጎመልኝ፦ «ስንቱ ቡድን አባሮኛል፣ ዳቦ ይዞልኝ የመጣ ሰው ግን የለም ይላሉ። እ... እናትህን ሳትጠይቅ አትምጣ ብዬው ነበር፣ አልጠየቀሽም ወይ ይላሉ።»

አልጠየቀኝም። ነገረኝ እንጂ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ፤ በዚህም ቀደሙኝ! ዳቦውን ቆርሰው መጀመሪያ ለእሱ ሰጡት፤ በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። ከእኔ ሲቀበል አንዱ እጁ ስልኩ ላይ ነው።

መኪና ውስጥ «ይኸው ልጠይቅሽ፣ እማ። ልሂድ?» አለኝ።

«ነገ እነግርሃለሁ» አልሁት።

በማግስቱ እናቴ ጋ ደወልሁ። «እማዬ፣ ወንድሜ ሲሄድ ምን አደረግሽ?»

«ስንቁን ቋጠርሁለት።»

«ከዚያስ?»

«የኔታውን ጠላኋቸዋ! ሲሞቱ ተዝካራቸውን በልቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን እጠላቸዋለሁ።»

ሳቅሁ። ስልኩን የያዝሁት በትከሻዬ ነው። እጄ በርበሬ በበርበሬ ነበር፤ በነቢያት ጾም ለናቲ ሥጋ ዘልዝዬ ለቋንጣ እያሸሁ ነው።

«ምነው፣ ናቲ ደህና አይደለም? ከዓይንሽ አላራቅሽውም?» አለችኝ።

«እዚሁ ነው፣ እማዬ» አልኋት። ከወዲያኛው ክፍል ከኮቹ ጋር በስልክ ሲስቅ ይሰማኛል።