ብርብራው ያልተወቀጠ ዓመት

ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ዓሣ አዘዝሁ። ሆዱን ስከፍተው እንቁላል ሞልቶበታል። አስተናጋጇ ደነገጠች፤ «ውይ፣ በደንብ አላጸዱትም! ልቀይርልሽ?» አለችኝ። «ተይው» ብያት እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ዓሣ ጠልቼ አይደለም። አክስቴ ትዝ አለችኝ።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ጅረት ዳር ካለ መንደር ነው። ነሐሴ ሊጋመስ ሲል ዝናቡ ይቀልላል፣ የደፈረሰው ውሃ መጥራት ይጀምራል፣ ሜዳው ሁሉ እርጥብ ሣርና ጭቃ ይሸታል። ያኔ ዓሣዎች ከትልቁ ወንዝ ተነሥተው ወደ እኛ ጅረት ይወጣሉ። ፍልሰታ እስኪፈታ የሚነካቸው የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን ወንዶቹ ብርብራ ያስወቅጣሉ። የብርብራ ፍሬ ዱቄት ውሃው ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በቅርጫት መልቀም ብቻ ነው።

መውቀጡ የሴት ሥራ ነው። ወንድ ዘነዘና ይዞ ከታየ ዓመቱን ሙሉ ይሳቅበታል። ያረገዘችና የምታጠባ ግን አትነካውም፣ ለልጅ ክፉ ነው ይባላል። ልጃገረድንም ሆነ ባለትዳርን፣ ነገ መውለዷ አይቀርምና አያስጠጓትም። አሮጊቶቹ ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ ሥራው በየዓመቱ እታለም ላይ ይወድቅ ነበር።

እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እሱ እንዲያ ስለሚጠራት እኔም እንዲያው እጠራታለሁ። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለቱም ባሎቿ አልወለደችም ብለው ሸኟት። ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ከጓሮው ጎመን በቀር የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም።

በዚያ ዓመት፣ ጾሙ እንደተፈታ፣ ልብስ ልናጥብ ወርደን ውሃው ስስ ከሆነበት፣ ጠጠሩ ከሚታይበት ቦታ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ። «ቁሚ። ጥላሽን እንዳታሳርፊባቸው።» አንዲት ትልቅ ዓሣ በጎኗ እየተኛች ጠጠሩን በጅራቷ ትጠርጋለች። ደለሉ በውሃው ተወሰደና ድንጋዩ ንጹህ ሆነ። ወንዶቹ ዓሣዎች ግራና ቀኝ ይገፋፋሉ፤ ትልልቆቹ ሲጣሉ አንድ ትንሽዬ ሹልክ ብሎ ጎኗ ገባ። እኔ ሳቅሁ። እታለም አልሳቀችም። ዓሣዋ ተንቀጠቀጠች፣ እንቁላሉ በጠጠሩ መሃል እየገባ ጠፋ።

«እስከዚህ ድረስ የሚወጡት ለዚህ ነው?» አለች፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «ስንት ዓመት ሙሉ እዚሁ ላይ ነው ብርብራውን የምንደፋባቸው?»

በማግስቱ ጋሽ ሞላ፣ የሰፈሩን ወንዶች የሚያስተባብረው ጎረቤታችን፣ ብርብራውን በስልቻ ይዞ፣ ሰዎቹን አስከትሎ ግቢያችን መጣ። እታለም ሙቀጫውን ደፍታ ተቀመጠችበት።

«ዘንድሮ አልወቅጥም።»

«ምነው እቴ፣ ታመምሽ?»

«ደህና ነኝ። እየወለዱ ነው፣ ይውለዱበት። ከወለዱ በኋላ በመንጠቆ አጥምዱ።»

ጋሽ ሞላ ሳቀና ወደ አባቴ ዞረ። «ሰማህ? የራሷ ሲያቅታት የዓሣ አራስ ልትጠይቅ ነው!»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እናቴ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ፊቱ ጠቆረ፤ በሰው ፊት መዋረዱ ነው የታየው። «እታለም፣ ተነሽና ውቀጪ። በእኔ ቤት እየኖርሽ አታሳፍሪኝ» አላት። እሷ ቀና ብላ አየችው። «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ቤትህ ከሆነ እለቅልሃለሁ። አልወቅጥም ግን።»

ሌላ የምትወቅጥ ሴት አልተገኘችም፤ ዘነዘና ለመያዝ የደፈረ ወንድም አልነበረም። ስልቻው እንደታሰረ ተመለሰ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራትም። እንጀራ ሲቀርብ እሷ ካለች ይነሣል። መስቀል ሳይደርስ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ቡሬ ገባች፤ ጠላ ለምትሸጥ ሴት ጌሾ እየወቀጠች ኖረች። በሄደች ሰሞን ጅረቱ ዳር ብቻዬን ወረድሁ። በየድንጋዩ ጥግ መርፌ የሚያካክሉ ዓሣዎች ይርመሰመሱ ነበር። እጄን ስነክር ብትን ይሉና ተመልሰው ይሰበሰባሉ። የምነግረው ሰው አጣሁና አለቀስሁ።

አሁን ብርብራ የሚወቅጥ የለም፤ አያስፈልግም። ጠጠሩን ለግንባታ እየጫኑ ወሰዱት፣ ውሃውን በሞተር ለሽንኩርት ማሳ ይስቡታል። ባለፈው ነሐሴ ወርጄ አየሁት። ጭቃ ነው። የሚወጣ ዓሣ ቢኖር እንኳ እንቁላሉን የሚጥልበት ቦታ የለውም።

እታለምን ቡሬ ስንቀብራት አባቴ መቃብሩ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ «እናቴ» እያለ አለቀሰ። በሕይወት ሳለች እንዲያ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ምስኪን፣ አንድ እንኳ ሳትተካ» ስትል ሰማሁ። እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ዞርሁ።

«የተካችውን እኔ አይቻለሁ» አልኋት።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ላስረዳት አልሞከርሁም፤ ይዣት ብወርድ ጅረቱ ውስጥ የማሳያት ምንም የለኝም።