የመጨረሻዋ ሽንሽን ጉርድ

ልብስ ሰፊው አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «የሰው ልጅ መጀመሪያ ያገለደመው ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ጉርድ የሱሪ ታላቅ ነው» ይል ነበር።

በአረፋ ዋዜማ ለባለቤቴ ጉርድ ልገዛ ቡታጅራ ገበያ ወጣሁ። ቃል ገብቼላታለሁ፤ ባዶ እጄን መግባት የለም። ባለሱቋ የቀረቻትን አንዲት አረንጓዴ ሽንሽን አወረደችልኝ።

«የባለቤትዎ ልክ ስንት ነው?» አለችኝ።

«በቁመትም በወገብም እኔን ነው የምታክለው።»

«እንግዲያው ይልበሷትና እንያት። በኋላ ጠበበች ብለው እንዳይመልሱብኝ።»

ቢስሚላህ ብዬ ከሱሪዬ በላይ አጠለቅኳት። ልክክ አለች። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል፤ እኔ የአባቴን ቃል እያሰብኩ ሽንሽኗን አስተካከልኩ። ይህኔ አንዲት የማላውቃት ሴት ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና ብሩን ለባለሱቋ አስጨበጠቻት።

«ወንድሜ፣ አንተ ላይ እንዲህ ካማረች እኔ ላይማ ምን ልትሆን ነው! በል አውልቅልኝ።»