ወንድሜ ያቆማት ሚኒባስ

ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ለቀስተኛ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። እኔ እነሳለሁ፣ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ግቢው ውስጥ ደግሞ የወንድሜ ሚኒባስ አለች። ሆስፒታል የገባ ዕለት እንዳቆማት ቆማለች።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ ሊያስነሳት ሞከረ። ማስነሻ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከአዲሱ ገበያ የመጣው መካኒክ መመርመሪያውን ቢሰካም ከመኪናዋ ኮምፒውተር ምንም መልስ አላገኘም። ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሎ ሄደ። አጎቴም ቆማ ከምትበሰብስ በቁሟ ለመለዋወጫ ዕቃ ትሸጥ አለ፤ ቅዳሜ የሚወስዳት ሰው አገኘ። እናቴ፣ የምትነሳ ብትሆን ከደጄ አላስወጣትም ነበር ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተቃጥሏል መባሉ አልዋጥልህ አለኝ። ወንድሜ ሲጠግን ሽቦ እይዝለት ነበር። "መጀመሪያ ምግቡ ይደርሰው እንደሆነ እይ፤ ታሟል የምትለው ከዚያ በኋላ ነው" ይለኝ ነበር። ምግብ የሚለው ኤሌክትሪኩን ነው።

አርብ ጠዋት ቁልፉን ከፈትኩ። የባትሪና የዘይት ምልክቶቹ በሩ። የሞተሩ ምልክት ግን ጨለማ ነው። ያንን ምልክት የሚያበራው ኮምፒውተሩ ነው። እንግዲህ ወይ ሞቷል፣ ወይ... አልበላም።

ፊውዙ ደህና ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውን ሬሌ ቀየርኩ፤ ያው ነው። የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀልኩ፤ የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ አሰርኩና ሶኬቱን አስነካሁት። አልበራም። ኔጌቲቩን ለብቻው ሞከርኩ፤ እሱ ይሠራል። የጠፋው ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው።

ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት። በቀጥታ መሄድ ሲገባው ወደ ሾፌሩ ወንበር ታጠፈ። በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ የሚያጥፈው ወንድሜ ብቻ ነው። እጄ ቆመ።

ወንድሜ ከማስነሳቱ በፊት ሁልጊዜ "በስመ አብ" እያለ ጎንበስ ይል ነበር። ዊንጌት የሚሳፈሩ ተማሪዎች፣ ሾፌር እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለ እንዴ እያሉ ያሾፉበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። እኔም... ማለቴ፣ ጸሎት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጎንበስ አልኩ። እጄን ወንበሩ ሥር ሰደድኩ። ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ። ሌባ መኪናዋን እንዳይነዳ የደበቃት ናት። ለማንም አልነገረም። ለእኔም አልነገረኝም። ተናደድኩበት፤ ሞቶም ተናደድኩበት።

ተጫንኳት። አምፖሉን እንደገና ሶኬቱን ሳስነካው በራ። ቁልፉን ዘግቼ ሶኬቱን ወደ ቦታው መለስኩ። እንደገና ስከፍት የሞተሩ ምልክት መጣ። አዞርኩ። ተነሳች።

እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ከቤት ሮጣ ወጣች። ዓይኗ ቀጥታ የሾፌሩ ወንበር ላይ ነበር። እኔን አየች። ቆመች። ማን መስሏት እንደወጣች የገባኝ ያኔ ነው። እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ።

"አታጥፋት" አለችኝ።

መጥታ ጋቢና ከጎኔ ተቀመጠች። አጎቴ ከበረንዳው፣ ለቅዳሜው ሰውዬ ምን እንደሚለው ጠየቃት።

"ቁልፉ ልጄ እጅ ነው በለው።"

ሞተሩ ሳይቆራረጥ ይሠራል። እኔም እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።