ጉሙ ምን ይላል?

ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ የሚወርደው ጉም ድምፅ አለው ብዬ ነው የኖርኩት። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ የደረስኩበት ነው። ከመስኮቴ ሆኜ ሳየው መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የመስጊዱን ሚናራ፣ በመጨረሻ የጎረቤቴን ቆርቆሮ እየዋጠ ይመጣል። የጭነት መኪና ሲያልፍ መሬቱ በእግሬ በኩል ይነግረኛል። በር ሲላተም ግድግዳው በትከሻዬ ይነግረኛል። ታዲያ ከተማ ሙሉ የሚውጥ ነገር እንዴት ዝም ብሎ ይመጣል? ሰሚዎቹ ስለለመዱት ነው የማያነሱት እንጂ ጉም ሲወርድ ያገሳል፣ ብዬ ደመደምኩ። እንዳልሆነ ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንኩና ስንት መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ፣ ራሷ ላይ ማግኔት ከተለጠፈላት ከእህቴ ልጅ ነው።

ሳልሰማ ነው የተወለድኩት፤ ደሴ ዙሪያ፣ ከገራዶ ወዲያ ባለ የገበሬ መንደር። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሲዳሩ ነው። ደሴ ውስጥ እንደኔ ላሉ ልጆች አንድ ክፍል ተከፍቶ ነበርና፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለኝ ከትንንሾቹ ጋር ተቀመጥኩ። እዚያ ሁለት ቋንቋ ባንድ ጊዜ መጣልኝ፤ የምልክት ቋንቋው በእጄ፣ አማርኛው በዓይኔ። አማርኛን ሰምቼው አላውቅም፤ አይቼው ነው የማውቀው። አንድ ፊደል ያለቦታው ሲገባ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ጠጠር የሚሆንብኝ ለዚህ ይመስለኛል። ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ ዝም በል በሚባልበት ቦታ እኔን መቅጠራቸው ጓደኞቼን እስካሁን ያስቃቸዋል።

ታናሽ እህቴ ሰሚ ናት። በልጅነታችን ባንድ ቁርበት ላይ ስንተኛ ለሁለታችን ብቻ የምትሆን የእጅ ቋንቋ ፈጠርን። አባታችን ከእርሻ ሲመለስ ካየች አገጯን ወደታች ትዳብሳለች፣ ጺም እንዳለው ሰው፤ ያኔ ጨዋታችንን ትተን ወደ ሥራችን እንሮጣለን። ያቺን እጅ ከሁለታችን በቀር የሚያውቃት አልነበረም። ስናድግ እኔ ደሴ ቀረሁ፤ እሷ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ማሽን ላይ።

ልጇ እንደኔ ሆና ተወለደች። እህቴ ስታለቅስ እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ጣቶቿን አየሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ በቤተሰቤ ውስጥ በሙሉ ቋንቋ የምታናግረኝ ሰው መጣች ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው የእጅ ስም አለው። ለራስ አይወጣም፤ ሰሚም አያወጣውም፤ ከእኛ አንዱ ሰውየውን ደህና አድርጎ ካየ በኋላ ነው የሚሰጠው። እኔም ልጅቱን ስጠብቅ ከረምኩ። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ይሰረጎዳል። አመልካች ጣቴን ጉንጬ ላይ አድርጌ እንደ መሰርሰሪያ አዞርኩት፤ ስሟ ይኸው ሆነ። የወረቀት ስም አላት፤ የኔና የሷ ግን ይሄ ነው።

አምስት ዓመት ሲሆናት እናቷ አዲስ አበባ ወሰደቻት። ኮክሌር የሚሉትን የመስሚያ መሣሪያ ነው የተከሉላት። ግማሹ ከቆዳዋ ሥር ነው። ግማሹ ከጆሮዋ ጀርባ ይንጠለጠልና ከሱ የወጣች ሽቦ ጫፏ ላይ ያለችውን ክብ ማግኔት ፀጉሯ ላይ ታጣብቃለች። ሲመለሱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እህቴ በር ላይ ቆማ ነው የጠበቀችኝ። ከንፈሯን ቀስ አድርጋ እያንቀሳቀሰች፣ አሮጌዋን እጃችንን ጨምራበት፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ እጅ የለም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በአፍ ብቻ ነው የምናናግራት። እጅ ካገኘች ጆሮዋ ይሰንፋል ተብያለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትናገር።» ፊቴን አየችው መሰለኝ፣ ክንዴን ያዘችው። «ወላሂ አንቺን ጠልቼ አይደለም። ገበያ ውስጥ ሰው ሊጠራሽ ሲፈልግ ጀርባሽን በጠጠር ሲመታሽ ያየሁት እኔ ነኝ። ልጄን በጠጠር እንዲጠሯት አልፈልግም።»

 ጠጠሩን እኔም አስታውሰዋለሁ። ነገር ግን እኔ አፍ የለኝም። እጅ ከተከለከለች ከልጅቱ ጋር የምንገናኝበት ሌላ በር የለም። እጇን ከረሳች ደግሞ እኔ በገዛ ዘመዶቼ መሐል ተመልሼ ምግብ የሚቀርብላት እንግዳ መሆኔ ነው።

እሁድ እሁድ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት የእኛ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ታላቃችን ልብስ ሰፊ ናቸው። በእጅ ቋንቋችን አንቱታ የለም፤ ስጽፋቸው ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ወሬውን ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲህ አሁን ልጅቱ ምንድን ናት? የሌሊት ወፍ! ወፎቹ ጋ ስትሄድ ጥርስ አለሽ ይሏታል፤ አይጦቹ ጋ ስትሄድ ክንፍ አለሽ ይሏታል።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እኔም አላስቻለኝም። «የሌሊት ወፍ እኮ በጨለማ የምትበረው በጆሮዋ ነው። መጽሐፍ ላይ አለ።»

«መጽሐፍ! አንቺ ዝናብ ቢዘንብብሽ እንኳ መጽሐፍ ገልጠሽ ነው የምታረጋግጪው።» ሳቁ ሲበርድ ግን እጃቸው ከበዳቸው። «ልጆቹ ሁሉ ማግኔት ከለጠፉ እኛ ስንሞት ይሄን ጠረጴዛ ማን ይወርሰዋል?»



ክረምት ሲገባ የእህቴ ፈረቃ ተደራረበና ልጅቱን ደሴ አምጥታ እኔ ዘንድ ተወቻት። የእህቴን ቃል ጠብቄ እጆቼን ከሻርፔ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ መጣችና ሻርፑን ገልጣ፣ ጫጩት ከእናቷ ሥር እንደሚያወጣ ሰው እጆቼን አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

«አክስቴ፣ አውሪ» አለች በእጇ።

አወራን። ከሚያስደንቀኝ ነገር ሁሉ ጀመርኩ። «አሁን ምን ይሰማሻል?»

አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ዶሮ። ሰውዬ። ዶሮ።»

«ሰውዬው ምን ይላል?»

«ዶሮውን ይሰድበዋል መሰለኝ።»

በዚህ መሐል ጉሙ መጣ። ባሕር ዛፎቹ ጠፉ፤ ሚናራው ጠፋ። የዕድሜ ልክ ጥያቄዬን ጠየቅኋት፤ «ጉሙስ ምን ይላል?»

ወደ መስኮቱ ሄደች። ማግኔት ያለበትን ወገኗን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ቆመች፣ ትንፋሿ መስታወቱን እያደበዘዘው። ቆየች። ዞረች።

«ምንም።»

«ደህና አድርገሽ ስሚው እንጂ።»

«አክስቴ፣ ጉም አፍ የለውም። እንዳንቺ ነው። ዝም ብሎ ይመጣል።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለካ ሰሚዎቹም ያን ግዙፍ ነገር የሚያዩት እንደኔ ነው! ሰው ሁሉ ከጉም ፊት ሲቆም አንድ ነው፣ እናም ይሄን የነገረችኝ ጆሮ የተሰጣት ልጅ ናት።

ፊቴን እንዳታይብኝ መጽሐፍ ገለጥኩ። አንድ ገጽ እንዳለፍኩ በድንገት ዞረች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምኑ?»

«እንደገና አድርጊው።»

ገለበጥኩ። ዓይኗ ፈጠጠ። «መጽሐፉ ይናገራል!»

«ምን ይላል?»

አሰበች። ከዚያ አንዱን መዳፏን በሌላኛው ክንዷ ላይ ቀስ አድርጋ ሳበችው። «ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ በአጠገብሽ ስታልፍ።»

እግዜር ያሳያችሁ እንደሚሉት፣ አላህ ያሳያችሁ፤ ስንት ሺህ ገጽ ገልብጫለሁ! በየገጹ አንዲት ሴትዮ በአጠገቤ ስታልፍ ኖራለች። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እኔ ብቻዬን ነኝ ባልኩበት ሰዓት ሁሉ ቤቱ በቀሚስ ሙሉ ነበር። ያን ቀን ደጋግመን ገለበጥን። ሲደክማት ማግኔቷን ከራሷ ላይ አነሳች። «አሁን እንዳንቺ» አለች። መልሳ ለጠፈች። «አሁን እንደ እማ።» አነሳች፣ ለጠፈች። እኔ በሕይወቴ አልፌው የማላውቀውን ደፍ እሷ እንደ ጨዋታ ገባች ወጣች።

ኮምቦልቻ በተመለሰች በሳምንቱ፣ በአፏ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። እናቷ ባልዲ ይዛ ነበር አሉ፤ ባልዲው ወደቀ። ልጅቱ ያለችው «ጉም አፍ የለውም» ነው። ችግሩ፣ አፏ ያንን ሲል እጇም አብሮ ብሏል።

እህቴ በማግሥቱ ደሴ መጣች። «አንድ ነገር ለመንኩሽ!» አለች።

«ተናገረች እኮ።»

«በእጇ ነው የተናገረችው፤ አፏ ተከትሎ ነው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እስክትጠና አትምጪባት።»

አልሄድኩም። ክረምቱ አለፈ፤ መኸሩ ታጨደ። ጉሙ ሲወርድ መስኮቱን በመጋረጃ እሸፍነው ጀመር።

ከረመዳን በፊት የአጎታችን ልጅ ኮምቦልቻ ሲዳር ግን አለመሄድ አይቻልም። ድንኳኑ ውስጥ ሞንታርቦ የሚሏቸው ቁመተ ረጃጅም ድምፅ ማጉያዎች በሁለት በኩል ተተክለዋል። እኔ ሞንታርቦ እወዳለሁ፤ ጎድን አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ይጨፍራል። ልጅቱን ከሩቅ አየኋት፣ ከእናቷ ጎን። ፊቷ ተኮማትሯል። እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ማግኔቱን ነቅላ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። እህቴ ጎንበስ ብላ መልሺው ትላታለች፤ አፏ ሲከፈት ሲዘጋ ይታየኛል። ልጅቱ አትሰማም። ያንን ድምፅ አልፎ የሚሰማ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም።

ያኔ ነው የፋብሪካውን ሴቶች ያየኋቸው። የእህቴ ባልደረቦች፣ ሸማኔዎቹ፣ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። በማሽኖቹ ጩኸት መሐል መደማመጥ ስለማይቻል በእጅ ነው ሲያወሩ የሚውሉት፤ እዚህም ሞንታርቦው ሲያሸንፋቸው ያንኑ አወጡት። አንዷ፣ ወፍራሙ አጎታችን ለሁለተኛ ሳህን ወደ ወጡ ሲያመራ አየችና ለእህቴ ከወዲያ ማዶ ምልክት ሰጠች። አገጯን ወደታች ዳበሰች፣ ጺም እንዳለው ሰው። ረድፉ በሙሉ ሳህኑን ደበቀና በሳቅ ወደቀ። እህቴም ሳታስበው በነፃው እጇ መለሰችላት፤ «ደብቂ! ሥጋውን ደብቂ!»

ቆሜ ቀረሁ። ያ ምልክት የአባታችን ነው። በቁርበታችን ላይ የፈጠርነው። በኋላ እንደነገረችኝ ፋብሪካ በገባች ሰሞን ሰው የሚሰማት ስታጣ ያላትን አወጣች፤ ሌሎቹም ያዙላት። ዛሬ አለቃ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ አገጩን ይዳብሳል። አዲስ የሚገቡት ልጆች ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይማሩታል። ከመንደራችን ያልወጣ የመሰለኝ ነገር፣ በአንዲት መስማት በተሳናት ልጅና በእህቷ መሐል የተወለደው፣ ሰሚዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ሆኖ አገኘሁት።

ልጅቱም አይታለች። እናቷ ፊት ቆመችና «እማ! እጅ አለሽ!» አለች።

የእህቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ልጇን አየች፤ መዳፏ ላይ ያለውን ማግኔት አየች፤ ቀና ስትል እኔን አገኘችኝ።  ቀስ ብላ አገጯን ዳበሰች። አባ መጣ። ከዚያ ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፤ «ነይ» አለችኝ በእጇ።

ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ሦስታችን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እንደ ልባችን አወራን። ትንሽ ቆይታ እህቴ፣ «እኔስ ስም የለኝም?» አለች።

ልጅቱ አየቻት፤ እናቷን ሳይሆን ጣቶቿን። ከዚያ በሁለት እጇ አውራ ጣትና አመልካች ጣቷን አጋጥማ፣ የተበጠሰ ክር የምትቋጥር ሸማኔ እንደምታደርገው፣ አንዴ ፈጠን አድርጋ ሳበቻቸው። ቋጣሪዋ። ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ ሥርዓቱን ታውቃለችና፤ ትክክል ነው ወይ በሚል። ስሙን ደገምኩላት። ጸደቀ።

እህቴ ማግኔቱን በራሷ እጅ አልመለሰችባትም። «ስትወጪ ታደርጊዋለሽ» አለቻት፣ በእጇም በአፏም። ወደኔ ዞር ብላ ደግሞ፣ «ሁለቱም ይሁንላት። አብሽሪ» አለችኝ።

እሁድ ሻይ ቤቱ ውስጥ ለልብስ ሰፊው ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጉሙን ነገር ሳይቀር። አዲሱን ስም አሳየኋቸው።

«ማን አወጣው?»

«የሌሊት ወፏ።»

ጣታቸውን አጋጥመው ሞከሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር የቋጠሩ ጣቶች ናቸው። ደገሙት። «ጥሩ ስም ነው» አሉ። «ካወጣችማ የኛው ናት። ይዘሻቸው ነይ።» ከዚያ ከሌሎቹ ዞር ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ጋ አስጠግተው እንደ ሹክሹክታ ጠየቁኝ። «ቅድም ጉሙ ምን ይላል አለች ነው ያልሽኝ?»

«ምንም።»

«ምንም?» ሻያቸውን ረሱት። «እኔ እኮ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ነበር የሚመስለኝ።»

ሁለታችንም በበሩ በኩል ወደ ጦሳ አየን። ጉሙ ጫፉ ላይ መውረድ መጀመሩ ነበር።