በቀጭን መስመር የተሰረዙ አምስት ስሞች

ጋሽ ደምሴ አረፉ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የሥራ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ሊያስሩ ቁጭ እንዳሉ ልባቸው ቀጥ አለች። ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁ፣ ከዴንተንም ከሳክሲም ከተማ ስትደውሉልኝ የሰነበታችሁ፣ እኔም እያለቀስኩ በቅጡ ያልመለስኩላችሁ ወዳጆቻቸው፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ስለ እሳቸው ልጽፍ ስቀመጥ ግን ሳቄ ይቀድመኛል። ጥፋቱ የራሳቸው ነው።

ጋሽ ደምሴ አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበሩ። እዚህ ፈረንጅ አገር ከመጡ ወዲህ እንጀራቸው የኤርፖርቱ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ትኬት መቀበል ሆነ። ሥራቸው ግን እሱ አልነበረም። ሥራቸው የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ነበር። ከሥራ ኦፍ በሆኑ ቁጥር ዴንተን ሄደው፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማይክሮፊልም ማንበቢያው ላይ አቀርቅረው፣ የጥንት ሰዎች በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተዉትን ማስታወሻ ሲገለብጡ ይውሉ ነበር። «ነገሥታቱ ጸሐፊ ነበራቸው፤ እኔ የምፈልገው ጸሐፊ ያልነበረውን ሰው ነው» ይሉ ነበር።

አዲስ መጤ አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። የዲቪ ሎተሪ ደርሶት የመጣውን ሁሉ በዚያች አሮጌ መኪናቸው መንዳት ያስተምሩ ነበር፤ ያውም በነፃ። ጭር ባለው የሳክሲ መንገድ ላይ እያስነዱ፣ አፋቸው የሚተርከው የጥንት ነገሥታት በጉዞ ላይ እንዴት እንደሚሰፍሩ ነው። «አሁን የንጉሡን ድንኳን አለፍክ፤ በስተቀኝ ሹማምንቱ ሰፍረዋል፤ ወደ እነሱ ታጠፍ። ኧረ ሲግናል አብራ! ሹማምንት ላይ እንዲህ ዘው ይባላል?» ወንድሜ የተማረው በዚህ መልክ ነው። ፈተናውን በመጀመሪያው አለፈ፤ እስከ ዛሬ ግን ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እጅ የሚነሣ ይመስለኛል።

እኔ ጽጌ እባላለሁ። ሪቻርድሰን ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት፣ አራት ሰዎችን ግእዝ ያስነብቡን ነበር። የሚያስነብቡን ደግሞ እሳቸው የሚመራመሩባትን የአንዲት ገጽ ፎቶ ነው። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የአንድ ገዳም ወንጌል መጨረሻ ላይ፣ በባዶው ገጽ፣ አሥራ ሁለት ስሞች ተደርድረዋል። አምስቱ ተሰርዘው ከላያቸው ሌላ ስም ተጽፏል። በየስሙ አጠገብ ነጥብ ነጥብ አለ። ጋሽ ደምሴ ሰባት ዓመት ደክመው የደረሱበት ይህ ነበር፦ ሰዎቹ ባለርስቶች ናቸው፤ ነጥቦቹ የመሬታቸው ብዛት ነው፤ የተሰረዙት አምስቱ በንጉሡ ላይ አምፀው፣ ርስታቸውን ተነጥቀው የተባረሩ ናቸው። አምስቱን እንደ ሥጋ ዘመድ ነበር የሚያነሷቸው። ተክለ ጽዮን የሚባለው ስም ላይ ሲደርሱማ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ታዲያ አንዲት የዴንተን ፕሮፌሰር ስለዚህ ጥናት ለመምህራኑ ንግግር እንዲያደርጉ ጋበዘቻቸው። ንግግሩ ካማረ የዶክትሬት ተማሪ አድርገው ሊቀበሏቸው ነው። በስድሳ ዓመታቸው! አዲስ ክራባት ገዙ። ክራባቱን ለእኔ፣ ለአለቃቸው፣ ትኬት ለሚያቀብሏቸው ነጂዎች ሳይቀር አሳዩ።

ንግግሩ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ውኃ ላመጣላቸው ተነሣሁ። ማቀዝቀዣዬ በር ላይ የሚካኤል ማኅበራችን የተራ ዝርዝር ተለጥፏል። አሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነኝ። አንዱ ሂዩስተን ሲዛወር ሰርዤ የተተካውን ከላይ እጽፋለሁ። የደገሰ ሰው ስም አጠገብ ደግሞ አንድ ነጥብ አኖራለሁ። ውኃውን ረሳሁት።

ተመልሼ የብራናውን ነጥቦች ቆጠርኩ። ከላይ ያሉት ሰባት ስሞች ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ከታች ያሉት አምስቱ ስምንት ስምንት። በተሰረዘው ስም አጠገብ ሦስት ብቻ ካለ፣ ከላዩ በተጻፈው አጠገብ የቀረው ይሞላል። መሬት እንዲህ እኩል ለሰው ሲደርስ ማን አይቷል? ተራ ነው እንጂ! ዘጠነኛው ዙር ሰባተኛው ሰው ላይ ደርሶ ቆሟል። ከተሰረዙት የአንዱን ቦታ ደግሞ የያዘችው ሚስቱ ናት፤ የአመፀኛ ርስት ለሚስቱ ይሰጣል እንዴ? ጉድ በል! የባሰው ደግሞ፣ ማቀዝቀዣዬ ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ስሞች አንዱ የራሳቸው የጋሽ ደምሴ ነው። ዝርዝሩን አይተውት አያውቁም፤ «ጽጌ፣ ተራዬ መቼ ነው?» ብለው ኮል ያደርጉልኛል እንጂ።

ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ብነግራቸው ሰባት ዓመታቸውን አፈርሳለሁ፤ ዶክትሬቱም ይቀራል። ባልነግራቸው ደግሞ በዚያ ክራባት ስሕተት ሊናገሩ ነው። ሰኞ ዕለት የምሸኘው ሰው ሳይኖረኝ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ገብቼ፣ አንድ ዙር ዞሬ፣ በእሳቸው መውጫ መጣሁ።

«አንቺ ጽጌ! ማንን ሸኝተሽ ነው?»

«ማንንም። ጋሼ፣ እነዚያ አመፀኞች እኮ አላመፁም» አልኩና ዝርዝራችንን ከነማግኔቱ በመስኮቱ አቀበልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። የራሳቸውን ስም አገኙ። ነጥቦቹን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እኔም በቃ ገደልኳቸው አልኩ። ከኋላዬ አንዱ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። ጋሽ ደምሴ ያን ጊዜ በሳቅ ፈነዱ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ተራ ነው! ጽጌዬ፣ የማኅበር ተራ ነው እኮ! ማንም አልተባረረም! ተክለ ጽዮን ቤቱ ዳቦውን ሲቆርስ ነው የኖረው!»

«ንግግሩስ ታዲያ?»

«ንግግሩማ አሁን ገና ንግግር ሆነ! ሂጂ በይ፣ ሕዝቡ ሊገድለን ነው።»

ኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ሰባቱ ዓመት ለአንድ ደቂቃ ያህል አሟቸው ነበር። «ከዚያ ግን አምስቱ ሰዎች ቤታቸው ተመለሱልኝ» አሉኝ።

ዴንተን ክራባታቸውን አስረው ቆሙ። «ለሰባት ዓመት አምስት ንጹሐን ሰዎችን አሳድጃለሁ፤ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው የመጣሁት» ብለው ጀመሩ። አዳራሹ ሳቀ። የማቀዝቀዣዬን ወረቀት ከብራናው ፎቶ ጎን አሳዩ፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስቆጠሩ። መጨረሻ ላይ «ገጹን በትክክል ያነበብኩት እኔ አይደለሁም፤ እዚያ ከኋላ የተቀመጠችው ናት» ብለው በጣታቸው ጠቆሙኝ። እኔ ወንበር ሥር ብገባ ደስ ባለኝ። በመከር ወራት ለዶክትሬቱ ተቀበሏቸው። ለሚሰማቸው ሁሉ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ «ስሕተቴን ያገኘልኝ ሰው ሥራዬን በእውነት አንብቦልኛል።»

ከዚያ ወዲህ የሚጽፉት በሙሉ ስለ ማኅበረተኞቹ ሆነ። ሁለት ምዕራፍ ጨርሰዋል። አንድ ነገር ደጋግመው ያሳዩኝ ነበር። «ተመልከቺ፣ ብራና እኮ ይፋቃል። እነሱ ግን አልፋቁም፤ በቀጭን መስመር ብቻ ሰረዙ። የሄደው ሰው ስሙ እንዲነበብ ነው።»

ጋሼ፣ የሚመጣው ወር ተራው የእርስዎ ነበር። ብዕር ይዤ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ እንዳስተማሩኝ በቀጭኑ ሰረዝኩት፤ ስምዎ ጥርት ብሎ ይነበባል። ከላይ የራሴን ስም ጽፌያለሁ፤ ዘንድሮ ሁለቴ እደግሳለሁ። ስድስት ነጥብ አለዎት፤ ሰባተኛውን እኔ አኖርልዎታለሁ። እነ ተክለ ጽዮንን ሲያገኙ እኔንም ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ እኔም ብዙ ቅዳሜ አመፀኞች ብያቸዋለሁ። እዚህ በኩል ደግሞ አያስቡ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ይህን ወረቀት የሚያገኝ ተመራማሪ እንዳይሳሳትብዎ ግርጌው ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌበታለሁ፦ «ጋሽ ደምሴ አላመፁም። ማንም አላባረራቸውም። ተራቸውን ጨርሰው ነው የሄዱት።»